ለበሽተኛ የተነፋ ጥሩንባ

ከዚህ በፊት ምንም ነገር ጽፌ አላውቅም። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። ጣሊያን ሲገባ ትምህርት ቤታችን ተዘጋ፤ ከዚያ በኋላ አልተመለስኩም። አሁን በሐኪም ቤታችን አዲስ የገቡ ልጃገረዶች አሉ። አለቃችን ጠሩኝና "ሥራውን እንዴት እንደጀመርሽ ጻፊላቸው፤ በአፍሽ እንደሆነ አትነግሪያቸውም" አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ሰው ፊት ስቆም ድምፄ ይጠፋል። ስለዚህ ጻፍኩ።

ሥራ የጀመርኩት ጣሊያን በገባ በሁለተኛው ዓመት፣ ክረምቱ ሲወጣ ነው። ሐኪም ቤቱ ጉለሌ ውስጥ፣ ከእንጦጦ በሚወርደው መንገድ ዳር ያለ ባለ ቆርቆሮ ቤት ነበር። ጣሊያኖቹ ለአገሬው ሰው ያቆሙት ነው፤ ለራሳቸው ሌላ ነበራቸው። በአንዱ ክፍል ጣሊያናዊው ሐኪም፣ ዶቶሬው፣ በሽተኛ ያያል፤ በሌላው ቁስል ይታጠባል። ከኋላ፣ ጓሮው ውስጥ፣ ምድጃና የውሃ በርሜል አለ። የእኔ ቦታ እዚያ ነበር።

አቶ ደምሴ የሚባሉት ቁስል አጣቢ በር ላይ ተቀበሉኝ። ዛሬ ድሬሰር የምንለው ሥራ የእሳቸው ነበር። ጣሊያንኛ ስለሚችሉ ለዶቶሬውም ያስተረጉማሉ። እኔ ነጠላዬን እስከ ዓይኔ ተከናንቤ ነበር የሄድኩት።

"ስምሽ ማነው?"

"አስካለ።"

"ማን?"

"አስካለ።"

"ይህች ልጅ ከጉድጓድ ውስጥ ነው እንዴ የምታወራው?" አሉና ወደ ጓሮ ወሰዱኝ። በሳፋ የተከመረ ፋሻ አሳዩኝ። ደም የነካው አለ፣ መግል የነካው አለ፤ አንዳንዱ ደርቆ እንደ ቅርፊት ጠንክሯል። "ይህ ዛሬ የአንዱ እግር ላይ ነበር፤ ነገ የሌላው እጅ ላይ ይሆናል። በደንብ ካላጠብሽው በሽታውን ከሰው ወደ ሰው ያዛወርሽው አንቺ ነሽ" አሉኝ።

አስተጣጠቡን አሳዩኝ። መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ ይዘፈዘፋል። ሙቅ ውሃ ደሙን ጨርቁ ላይ ያጸናዋል። ቀጥሎ በሳሙና ይታሻል፣ ይለቀለቃል፣ ከዚያ በርሜሉ ውስጥ ገብቶ እስኪንተከተክ ይቀቀላል። በእንጨት ይወጣል እንጂ በእጅ አይነካም። ሲደርቅ ጉልበት ላይ ተደርጎ ጠበቅ ተደርጎ ይጠቀለላል። የላላ ፋሻ ሲጠቀለልም ሲታሰርም አይታዘዝም።

ያን ቀን ሁሉን እንደተነገረኝ ሠራሁና መጨረሻው ላይ አበላሸሁት። ያደግሁት ሸማኔና ጥጥ ፈታይ ሰፈር ነው። ክርም ጨርቅም ታጥቦ አጥር ላይ ሲዘረጋ እያየሁ ስላደግሁ፣ ፋሻውን ሁሉ በመንገዱ በኩል ባለው አጥር ላይ ዘረጋሁት። ነፋሱ አቧራውን፣ የሚያልፈው ማኪና ጭሱን አለበሰው። አቶ ደምሴ ወጥተው አዩት። አልተቆጡም።

"ያምራል" አሉ። "ለገበያ ነው?"

ሁሉንም መልሼ አጠብኩ፤ መልሼም ቀቀልኩ። የእጄ ቆዳ ተልጦ ቤቴ ገባሁ።

ቤቴ የምለው የአባባ ወልዴንና የእትዬ ብርቄን ግቢ ነው። እናትና አባቴ ከሞቱ ወዲህ ጓሯቸው ያለችውን ክፍል ሰጥተው ያኖሩኝ እነሱ ናቸው። እትዬ ብርቄ ጥጥ ፈታይ ናቸው። አባባ ወልዴ የሰፈራችን ዕድር ጥሩንባ ነፊ ነበሩ። ሰው ሲሞት ከቤታችን በላይ ያለችው ጉብታ ላይ ወጥተው ጥሩንባውን ይነፋሉ፤ የሟቹን ስም ይጠራሉ። ያን የሰማ አባል የያዘውን ጥሎ ይወጣል። ያልወጣ ይቀጣል። ድንኳኑ፣ መቆፈሪያው፣ ሬሳ የሚወጣበት ቃሬዛ፣ ሁሉም የዕድሩ ነው።

ጥሩንባው የአባባ ወልዴን አንድ ጆሮ ጎድቶት ነበር። ለሌላው ሰው ሁሉ ደህና ይሰማሉ፤ በእኔ ግን ይቀልዱብኝ ነበር።

"እንዴት አመሹ፣ አባባ?" እላለሁ።

"ምን አልሽ? አንቺ ስታወሪ ለጆሮዬ አይደርስም። ጮክ በይ!"

"እንዴት አመሹ?"

"ብርቄ፣ ይህች ልጅ ምን እያለች ነው?"

"አንተ ደንቆሮ፣ ተዋት" ይላሉ እትዬ ብርቄ እንዝርታቸውን ሳያቆሙ። በየማታው እንዲህ ነበር። የመጀመሪያው ቀን ማታም አባባ ወልዴ እጄን አይተው ቅቤ ቀቡልኝና ያንኑ ቀልዳቸውን ቀለዱ።

በሐኪም ቤቱ ማን እንደሚታከም ማወቅ አለባችሁ፤ ዛሬ እንደዚያ ስላልሆነ አይገባችሁም። በመንገድ ሥራና በጣሊያን ግንባታ ላይ ያለ ሰው ማኅተም ያለው የሥራ ወረቀት ነበረው። እሱ ቀድሞ ይገባል። ወረቀት የሌለው ሸማኔ፣ ሸክላ ሠሪ፣ እንጨት ተሸካሚ ደጅ ይጠብቃል። መድኃኒት ከተረፈ ይሰጠዋል፤ ካልተረፈ ቁስሉ ታጥቦለት ይሄዳል። ሕመሙ ከበድ ካለ ታች ከተማ ወዳለው ትልቁ ሆስፒታል መሄድ ነበረበት። ባለ ወረቀቱን ማኪና ይወስደዋል። ወረቀት የሌለው በራሱ መንገድ ይድረስ ነው። በቅሎ የነበረው ሰው በቅሎውን ለጦሩ ወስደውበታል። ስለዚህ በሰው ሸክም ነው፤ ዘመድ የሌለው ደግሞ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

ከተመለሱት ውስጥ የብዙዎቹን ስም እንደገና የሰማሁት አባባ ወልዴ ጉብታው ላይ ቆመው ሲጠሩት ነው።

በዓመቱ አቶ ደምሴ ከጓሮ ወደ ውስጥ አስገቡኝ። ወረንጦ መያዝ፣ መርፌ መቀቀል፣ ቁስል ማጠብ አስተማሩኝ። በመጀመሪያ ከባድ ቁስል ሲፈታ አፍንጫዬን በነጠላዬ ሸፈንኩ። እጄን አወረዱት።

"አፍንጫሽ መሣሪያሽ ነው፤ አትሸፍኚው። ይህ መግል ነው፤ ይሸታል ግን ይድናል። አንድ ቀን ሌላ ሽታ ትሸቻለሽ። ጣፋጭና ብስብስ ያለ ነው። ያን ስትሸቺ ሥጋው ሞቷል። ያኔ የእኛ ሥራ አልቋል፤ የሚቆርጥ ሐኪም ዘንድ ነው።"

ያን ሽታ በሐኪም ቤቱ ውስጥ ሁለት ሦስት ጊዜ አወቅሁት። ከዚያ አንድ ቀን ከሥራ ስገባ በራችን ላይ ሸተተኝ።

እትዬ ብርቄ እንደ ወትሯቸው ቁጭ ብለው ጥጥ ይፈትላሉ። እግራቸው በቀሚሳቸው ተሸፍኗል።

"እትዬ፣ እግርዎን ያሳዩኝ።"

"ምን ሆነ እግሬ?"

"ያሳዩኝ።"

"እንጨት ወጋኝ፤ ቅጠል አድርጌበታለሁ። ጸበልም አስመጥቼ እያጠብኩት ነው። አንቺ ቀኑን ሙሉ የሰው ቁስል ስታጥቢ ትውያለሽ፤ ማታ ደግሞ የእኔን?"

ቀሚሳቸውን ራሴ ገለጥኩት። ጣቶቻቸው ጠቁረዋል። ጥቁረቱ ወደ ቁርጭምጭሚት ወጥቷል።

ሮጬ አቶ ደምሴን ጠራኋቸው፤ መጡና አዩ። ከቤት ወጥተው አባባ ወልዴን ለብቻ አነጋገሯቸው። "ወደ ሆስፒታል ነው። እዚያ የደረሰን ይቀበላሉ፤ ጣጣው መድረሱ ነው። ነገን አታሳልፉ። ከጉልበት በላይ ከወጣ ማንም ምንም አያደርግላትም።"

አባባ ወልዴ ቀጥ ብለው ወደ ዕድሩ ዳኛ ወደ አቶ ይርዳው ቤት ሄዱ፤ እኔም ተከተልኳቸው። አቶ ይርዳው ክፉ ሰው አይደሉም። ይህን የምለው ለይሉኝታ አይደለም። አባባ ወልዴ ቃሬዛውንና ተሸካሚ ሰው ሲጠይቋቸው ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ወልዴ፣ ደንቡን አንተው ታውቀዋለህ። ቃሬዛው ለሬሳ ነው። ዛሬ ለብርቄ ሰው ላውጣ፤ ነገ ሆዴን ቆረጠኝ ያለ ሁሉ ደጄ ይቆማል። ማንን እሺ ብዬ ማንን እምቢ እላለሁ? ደግሞ ለቀብር ካልሆነ ወንድ ተሰብስቦ መንገድ ላይ ሲታይ ጣሊያኖቹ ምን እንደሚያደርጉ አይተሃል።"

"ታዲያ ምን ላድርግ?"

"እግዚአብሔር ይማራት። ክፉ ቀን ከመጣ፣ እኛ አለን።"

አባባ ወልዴ ተነስተው ወጡ። ቤት ስንደርስ ጥሩንባውን ከግድግዳው አውርደው በጋቢያቸው ወልውለው መልሰው ሰቀሉት።

በማግስቱ ጠዋት ሥራ ገባሁ። አቶ ደምሴ ተሸካሚ የሚሆን ሰው ከመንገድ ሠራተኞቹ መሃል ሊለምኑልኝ ቃል ገብተው ነበር። በርሜሉ ሥር እሳት እያያያዝኩ ሳለ ጥሩንባው ተነፋ። ረጅሙ አነፋፍ ነው፤ ለአባል ሚስት የሚነፋው። ከዚያ የአባባ ወልዴ ድምፅ ቁልቁል መጣ፤ ብርቄን ጠራ።

እንዴት ቤት እንደደረስኩ አላውቅም። ግቢው በሴቶች ተሞልቷል። "ወይኔ ብርቄ! ወይኔ ደጓ!" እያሉ ደረት ይመታሉ። የመጀመሪያዋ ሴት በሩን ከፍታ ስትገባ አንዴ ጮኸችና ወደ ኋላ ተስፈንጥራ ከኋላዋ ያለችውን ጣለቻት። ተጋፍቼ ገባሁ። እትዬ ብርቄ መደባቸው ላይ ቁጭ ብለዋል።

"አስካለ፣ ማን ሞቶ ነው?" አሉኝ።

ከኋላዬ አባባ ወልዴ ጥሩንባቸውን እንደያዙ ገቡ። እትዬ ብርቄ ጥሩንባውን አዩ፣ ሴቶቹን አዩ፤ ገባቸው።

"አንተ ወልዴ! በቁሜ ገደልከኝ?"

"ሰው እንዲወጣልሽ ነው።"

"ስሜን ጠራህ?"

"ጠራሁ።"

"ሟርተኛ! ስሜን እንዲህ ሰማይ ድረስ ጠርተህ እግዜር ሰምቶ ቢወስደኝስ?"

"አንድ ጊዜ ስሚኝ ብርቄ..."

"አልሰማም! ለሞተ ሰው ነው እንዴ የምታወራው?"

አንዲት ሴት እንባዋ ገና ጉንጯ ላይ እንዳለ ሳቀች። ሌሎቹም ሳቁ፤ ወዲያው ደግሞ ደነገጡና አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ።

ውጭ ግን የሚሳቅ አልነበረም። ወንዶቹ ቃሬዛውን ይዘው ደርሰዋል። አቶ ይርዳው ፊታቸው ጠቁሯል። "በዕድር ጥሩንባ ዋሽተሃል" አሉ። "ከዛሬ ወዲያ ጥሩንባ ሲነፋ ይህ ሕዝብ እውነት ነው ወይ ብሎ ይጠይቃል። ይህን ነው ያበላሸኸው።" ብዙዎቹ "ልክ ነው" እያሉ ተመልሰው መሄድ ጀመሩ።

አንጁሎ የሚባል ሸማኔ ጎረቤታችን ነበር፤ ወጣት ነው፣ ቀልደኛ። ቃሬዛውን ከትከሻው አላወረደም።

"አባቶቼ፣ ደንቡ ጥሩንባ ሲነፋ ውጡ ይላል፤ ወጥተናል። ድሬን ተብትቤ ትቼው መጥቻለሁ። አሁን ባዶ ቃሬዛ ይዤ ብመለስ ሚስቴ ምን ትለኛለች? ሬሳው እምቢ አለ ልበላት?"

አንዳንዱ ሳይወድ ፈገግ አለ። ጥቂቶቹ አብረውን ቀሩ። ቃሬዛውን የሚሸከሙና የሚቀያየሩ ያህል ነበሩ።

እትዬ ብርቄ ግን አልተኛም አሉ። "ሬሳ የተኛበት ላይ በቁሜ ጎኔን አላሳርፍም" አሉና ብርድ ልብሳቸውን አስነጥፈው ቁጭ አሉበት። እንዝርታቸውንም ይዘዋል። እንዲህ ሆነን ወረድን። በመንገድ ያገኘን ሰው ቃሬዛውን ሲያይ ባርኔጣውን ያወልቃል፣ ሴቲቱን ሲያይ መልሶ ያጠልቃል። አባባ ወልዴ ከኋላ ይከተላሉ።

ድልድዩ ጋ ኬላ ነበር። አስካሪው፣ ለጣሊያን ያደረው ወታደር፣ ጠመንጃውን አግድሞ አስቆመን።

"ምንድን ነው ይሄ? ቀብር ነው?"

"በሽተኛ ናት። ወደ ሆስፒታል ነው" አሉ አባባ ወልዴ።

"ይህን ያህል ወንድ? ለቀብር ተፈቅዷል። ለበሽተኛ የዶቶሬ ወረቀት አምጡ።"

"ወንድሜ፣ እግሯን ተመልከተው።"

"አየሁት። ትእዛዝ ነው። ለሞተ እለፉ ተብሏል፤ ላልሞተ አልተባልኩም።"

አንጁሎ ወደ ቃሬዛው ጎንበስ ብሎ በሹክሹክታ "እትዬ፣ ድልድዩን እስክንሻገር ብቻ ይሙቱልን" አላቸው።

"አልሞትም!" አሉ እትዬ ብርቄ። አስካሪው ሰማ። ከእንግዲህ አያሳልፈንም።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ከሐኪም ቤቱ ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ። ነጠላዬን አጣፍቼ ወደ ሐኪም ቤቱ ዳገቱን ሮጥኩ። ስደርስ አቶ ደምሴ የሉም፤ እኔኑ ፍለጋ ተሸካሚ ይዘው ወደ ቤት ወጥተዋል። ዶቶሬው ለምሳ ሊወጣ ማኪናው ውስጥ እግሩን አስገብቷል። ከዚያ ቀን በፊት አንድ ቃል ተነጋግረን አናውቅም። እሱ እኔን ከበርሜሉ ለይቶ የሚያውቀኝ አይመስለኝም ነበር።

"ዶቶሬ" አልኩ። አልሰማም። "ዶቶሬ" አልኩ ደግሜ። እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ በጣሊያንኛ ጮክ በይ አለኝ። ይህችን ቃል አውቃታለሁ፤ አቶ ደምሴን ሁልጊዜ ይላቸዋል።

"ጋምባ ኔራ!" ብዬ ጮህኩ። ጥቁር እግር ማለት ነው፤ ቁስል ስናጥብ ሲናገሩት የሰማሁት ነው። በአፌ ሌላ ጣሊያንኛ አልነበረም። "ጋምባ ኔራ! ጋምባ ኔራ!" እያልኩ ወደ ድልድዩ በእጄ አሳየሁት። ወረፋ የሚጠብቀው ሕዝብ ሁሉ ዞሮ አየኝ። ዶቶሬው ቀና ብሎ ትንሽ ተመለከተኝ፤ ከኪሱ ወረቀት አወጣና በማኪናው አፍንጫ ላይ አድርጎ ጻፈ። ሰጠኝና ሄደ። ደግ ይሁን ርቦት ይሁን እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

ስመለስ እትዬ ብርቄ ቃሬዛው ላይ ተኝተዋል። እንዝርቱ ከእጃቸው ወድቋል። ትኩሳቱ ወጥቶባቸው ነበር። አስካሪው ወረቀቱን አይቶ አሳለፈን።

በሆስፒታሉ እግራቸውን ከጉልበት በላይ ቆረጡት። ጠዋት በኬላው ባንቆም ከጉልበት በታች ይበቃ ነበር ብለው ነገሩኝ፤ ይህን ለአባባ ወልዴ አልነገርኳቸውም። እትዬ ብርቄ ዳኑ። ወደ ቤት ተመልሰው በአንድ እግራቸው ተቀምጠው መፍተል ጀመሩ።

ዕድሩ ተሰበሰበ። አባባ ወልዴ ጥሩንባውን መለሱ፤ ከአባልነትም ወጡ። ስብሰባው ላይ "ደግሜም አደርገዋለሁ" ስላሉ ነው እንጂ አቶ ይርዳው በቅጣት ሊያልፏቸው ፈልገው ነበር። ግድግዳው ላይ ጥሩንባው የተሰቀለበት ምስማር ባዶውን ቀረ። ሌላ ነገር አልሰቀሉበትም።

ያን ቀን የተሸከሙት ሰዎች ግን አንድ ነገር አደረጉ። አንጁሎ ሰፊ ጠንካራ ጨርቅ ሸመነ፤ ከባሕር ዛፍ እንጨት ጋር አያይዞ ሌላ ቃሬዛ ሠራ። ለታመመ ብቻ ነው፤ ሬሳ አይነካውም ተባለ። የተቀመጠው በእኔ ክፍል ጀርባ ነው። ጥሩንባ የለውም፤ ዳኛ የለውም። በሽተኛ ሲኖር ከዶቶሬው ወረቀት የማስጽፈው እኔ ነኝ፤ በየቤቱ በር እየመታሁ ተሸካሚ የምጠራም እኔ ነኝ። መጀመሪያ በር መትቼ ሰው ሲወጣ አፌ ይተሳሰር ነበር። አንጁሎ "አስኩ፣ በር መምታትሽ ይበቃል፤ ፊትሽን ሲያዩ ይገባቸዋል" ይለኝ ነበር። ምጥ የጠናባትን አንዲት ሸክላ ሠሪ አወረድን፤ ልጇ ሞተ፣ እሷ ዳነች። ከዛፍ የወደቀ እንጨት ቆራጭ አወረድን። ሌሎችም አሉ። ሁሉም አልዳኑም፤ ሁሉም ግን ደረሱ።

ጣሊያን ሊወጣ ሲል ተስቦ ገባ። ዶቶሬው ከጦሩ ጋር ሄደ። መድኃኒት ቤቱን ባዶ አድርገውት ሄዱ። አቶ ደምሴና እኔ ፋሻና የፈላ ውሃ ይዘን ቀረን። አባባ ወልዴ ያዛቸው። የራስ ምታት፣ ትኩሳት፣ ከዚያ በደረታቸው ላይ ሽፍታው ወጣ። አቶ ደምሴ አይተው "ሆስፒታሉ ለተስቦ የተለየ ክፍል አለው ይላሉ፤ ከደረሱ ምናልባት" አሉኝ።

ቃሬዛውን አውጥቼ አጸዳሁና በር ልመታ ሄድኩ። የአንጁሎ ቤት ሚስቱም ልጁም ተኝተዋል፤ እሱ ራሱ ግድግዳ ተደግፎ ነው ያናገረኝ። በሌላው ቤት በሩ ሳይከፈት "ልጆች አሉኝ፣ አስካለ" አሉኝ። በሌላውም እንደዚሁ። ተስቦ በቅማል እንደሚሄድ ያኔ አላወቁም፤ የታመመውን የነካ ሁሉ የሚሞት ይመስላቸው ነበር። ከልጆቻቸው ይልቅ ለአባባ ወልዴ ይዘኑ አልልም። የመታሁት በር ሁሉ ሲያልቅ ተመለስኩ።

የቀብሩን ነገር ላስቀድም። ጥሩንባ አልተነፋላቸውም። አቶ ደምሴና እኔ በዚያው ለታመመ በተሠራው ቃሬዛ ልናወጣቸው ስንነሳ አቶ ይርዳው ብቻቸውን መጡ። መቆፈሪያ ይዘዋል። የቃሬዛውን ጫፍ ያዙ። እትዬ ብርቄ እስከ አጥሩ በምርኩዝ ተከተሉን፤ ከዚያ በላይ አልቻሉም። ከተመለስኩ በኋላ የቃሬዛውን ጨርቅ በቀዝቃዛ ውሃ ዘፈዘፍኩ፣ በሳሙና አሸሁ፣ ቀቀልኩ፣ ከመንገድ ርቄ ጓሮ ውስጥ አሰጣሁት። አሁንም እንሠራበታለን።

አዲስ ለገባችሁት ከዚህ ሁሉ የምነግራችሁ ይህን ነው። ፋሻ በቀዝቃዛ ውሃ ዘፍዝፉ። አፍንጫችሁን አትሸፍኑ። በየሰፈራችሁ ሰው ሲታመም ማን እንደሚሸከመው፣ ማንም ሳይታመም በፊት ተነጋገሩና እወቁ። በታመመ ዕለት መፈለግ ዘግይቷል።

ያን ቀን በሩን ሁሉ መትቼ ስመለስ አባባ ወልዴ ወደ ግድግዳው ዞረው ተኝተው ነበር። እትዬ ብርቄ ከመጋረጃው ማዶ ደክሟቸው አሸልበዋል። አባባ ወልዴ አጠገብ ተንበረከክሁ። የምናገረው ከራሴም ጆሮ እንዳይደርስ ፈልጌ፣ ከምንጊዜውም ይልቅ ዝግ ባለ ድምፅ "ማንም አይመጣም፣ አባባ" አልኳቸው። እንደ ልማዳቸው "ምን አልሽ?" እንዲሉኝ ጠበቅሁ። ቢሉኝ ሌላ ነገር እነግራቸው ነበር።

ፊታቸውን ሳያዞሩ እጄን ያዙ።

"ሰማሁሽ፣ ልጄ። ደግመሽ አትበዪው፤ ብርቄ ትሰማለች።"